ቀዩን ቀለም ማን አደበዘዘው?



የዚህ ገጽ ወዳጆች አብዛኞቻችሁ የግጥምና የልብ ወለድ ሰዎች እንደ ሆናችሁ አውቃለሁ። እኔም ከእናንተው ወገን ነኝ። ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብሁት ጉዳይ ግን ስንኝም ትረካም የሌለበት፣ ስሙ ሲጠራ የሚያዛጋ ነገር ነው። ስለ ማውጫ፣ ስለ ንዑስ ርእስ፣ ስለ ሠንጠረዥ፣ ከሥዕል ሥር ስለምትጻፍ አንዲት መስመር፣ በመጽሐፍ መጨረሻ ስለሚገኝ የቃላት መፍቻ ልጽፍ ነው። ልጆቻችን እነዚህን ማንበብ አያውቁም፤ ያላወቁትም ስላላስተማርናቸው ነው፤ ያላስተማርናቸውም ስለናቅነው ነው። የናቅነው ደግሞ እኛ፣ ሥነ ጽሑፍ ወዳዶቹ፣ ነን። ክሴ ይኸው ነው። አንደኛ ተከሳሽ እኔ ስሆን ሁለተኛ ተከሳሾች እናንተ ናችሁ።

ነገሩ የተገለጠልኝ ደጀን ሳለሁ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የተጓዘ ሁሉ ደጀንን ያውቃታል፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ጠመዝማዛውን አቀበት ሲጨርስ በቀዝቃዛ አየር የምትቀበለው ከተማ ናት። እዚያ የአማርኛ መምህር ነበርሁ። ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ ባለቤቶች ቆላ ወርደው የሚያርሱት መሬት ነበራቸውና፣ አንድ ዓመት በጥቅምት መጨረሻ ታናሹ ልጃቸው ከአባቱ ጋር በረሃ ሰንብቶ ሲመለስ ትኩሳት ጣለው። ወባ ነበር። እናቱ ጤና ኬላ ወስደው አስመርምረው መድኃኒቱን ይዘው ገቡ፤ ከመድኃኒቱም ጋር በአማርኛ የታተመች አንዲት ወረቀት ነበረች። «የጤናዋ ልጅስ ደኅና አድርጋ ነግራኛለች፤ መንገድ ላይ ተምታታብኝ እንጂ» አሉና ወረቀቷን ለታላቁ ልጅ ሰጡት። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከክፍሉ 3ኛ የወጣ፣ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ግጥም የሚያነብ፣ አንደበቱ የተፈታ ልጅ።

ወረቀቷ ላይ የነበረው ሠንጠረዥ ነው። በግራ የታማሚው ክብደት፣ በቀኝ የፍሬው ብዛት ተጽፏል፤ ከ5 እስከ 14 ኪሎ 1 ፍሬ፣ ከ15 እስከ 24 ኪሎ 2፣ ከ25 እስከ 34 ኪሎ 3፣ ከ35 ኪሎ ጀምሮ 4። በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ይወሰዳል። ልጁ ተነሥቶ ቆመ፤ ጕሮሮውን ጠረገ፤ አነበበ። «ከአምስት እስከ ዐሥራ አራት ኪሎ አንድ ፍሬ ከዐሥራ አምስት እስከ ሃያ አራት ኪሎ ሁለት ፍሬ…» እያለ አንዲት ቃል ሳይሰብር ከላይ እስከ ታች አወረደው። እናቱ «ታዲያ ለዚህ ስንት ልስጠው?» አሉ። ልጁ እንደ ገና ከላይ ጀመረ፤ አሁን ግን ድምፁን ከፍ አደረገ። «ኧረ ስንት ልስጠው ነው የምልህ?» ሦስተኛ አነበበ። በመጨረሻም የወረቀቷ መዳረሻ ላይ ቆሞ «አራት ይላል እማ» አለ።

የታመመው ልጅ ክብደት ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ 18 ኪሎ ነው። 2 ፍሬ ማለት ነው።

እኔ በአጋጣሚ እዚያው ነበርሁ። ጣቴን በግራው ዐምድ ላይ አኑሬ 18 የሚገባበትን ረድፍ ፈለግሁ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ሄድሁ፤ ሌላ ሥራ አልነበረውም። የፈጀብኝ ጊዜ ከአንድ አቡነ ዘበሰማያት ያነሰ ነው። እናቱ «የተማረ ሰው ይብዛ ጋሼ» ብለው መረቁኝ። ምርቃቱ እንደ እሾህ ወጋኝ። የዚያ ልጅ የአማርኛ መምህር እኔ ነበርሁና። 3ኛ የወጣው በእኔ እርማት ነው። ንባብ 10 ከ10 የሰጠሁትም እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ክፍል ገብቼ አንድ ነገር ብቻ አዘዝሁ። የሳይንስ መጽሐፋቸውን አስወጣኋቸው፤ ለሦስት ለአራት አንድ ነበር የሚደርሳቸው። «ይህ መጽሐፍ ስለ ወባ የሚናገረው የት ላይ ነው? ፈልጋችሁ አግኙ» አልኋቸው። ከ60 የሚበልጡ ልጆች መጽሐፉን ከገጽ 1 ከፈቱት። ጮክ ብለው ማንበብ የጀመሩም ነበሩ። አንዱ ቡድን ገጹን እንደ መጫወቻ ካርታ ያራግፈው ጀመር። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ግን እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ ገጹን ሳይነግሩን እንዴት አድርገን እናገኘዋለን?» አለችኝ።

ገጹን ሳይነግሩን! ሰባት ዓመት ትምህርት ቤት የተመላለሰች ልጅ ናት። በእነዚያ ሰባት ዓመታት መጽሐፍ የከፈተችው ሁሉ አንድ ሰው «ገጽ ይህን ያህል አውጡ» ስላላት ነው። ራሷ ጥያቄ ይዛ ወደ መጽሐፍ ሄዳ፣ ደጁን አንኳኩታ፣ «ይህን ፈልጌ ነው የመጣሁት» ብላ አታውቅም። እንዲህ ያለችውን ልጅ ማንበብ ትችላለች እንላለን። ማንበብ ማለት ሌላ ሰው በከፈተው ገጽ ላይ ድምፅ ማሰማት ከሆነ፣ አዎን፣ ትችላለች።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ይህን ታሪክ ለአንድ ገጣሚ ወዳጄ ባጫውተው ትከሻውን ነቀነቀና «ልጁ የሂሳብ ችግር እንጂ የንባብ ችግር የለበትም» አለኝ። ቀጥሎም እንዲህ ሲል ፈረደ፤ «በማውጫ እየተመራ የሚፈልገውን ለቅሞ የሚሄድ ሰው አንባቢ አይባልም፤ ቃራሚ ነው። መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ነው የሚነበበው።» ይህች አባባል በመካከላችን እንደ ሃይማኖት ቀኖና የምትከበር ናት። ከልጅነታችን ጀምሮ በልብ ወለድ ስላደግን መጽሐፍ ሁሉ ልብ ወለድ ይመስለናል። ልብ ወለድን በሚመለከት እኔም ከወዳጄ ጋር ነኝ፤ የበዛብህንና የሰብለን መጨረሻ አስቀድሞ ገልጦ የሚያይ ሰው ራሱን ነው የሚቀጣው። ነገር ግን የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን «ዝክረ ነገር» እንውሰድ። በ1942 ዓ.ም. የታተመ፣ የመሬት ሥሪቱን፣ ግብሩን፣ ደንቡን፣ የቤተ መንግሥቱን ወግ ሁሉ አጭቆ የያዘ ድርሳን ነው። ይህን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ የሚያነበው ወይ የታሪክ ተመራማሪ ነው ወይ እስረኛ ነው። ሌላው ሰው ጥያቄ ይዞ ነው የሚሄድበት፤ መልሱን ይዞ ይመለሳል፤ በሌላ ቀን በሌላ ጥያቄ ደግሞ ይሄዳል። ቃርሚያ ነው ካላችሁም ይሁን። ሩትም ከቦዔዝ እርሻ ቃርማ ነው አማቷን ያበላችው።

ንቀታችን ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ሆነ ማየት የሚሻ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የዚሁ የጎጃም ምድር ልጅ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የወጣውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያላነበበ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ፊቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። መልካም። በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም»ን ያነበባችሁ እጃችሁን አውጡ እስቲ! በ1966 ዓ.ም. ያወጡትን «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?»ንስ? ሰውየው ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ አገር አስተዳደር ብዕራቸውን አንሥተው ሲጽፉ እኛ የምንሻው ሌላ የፍቅር ታሪክ ብቻ ነበር። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ያነበብሁት መምህር ሆኜ ብዙ ዓመት ከቆየሁ በኋላ መሆኑን ሳልደብቅ ልናገር፤ አንደኛ ተከሳሽ ነኝ ብያለሁና።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ እንዳልሆነም አልክድም። ኔል ዱክ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት 20 የአንደኛ ክፍል መማሪያ ክፍሎችን ተከታትላ ነበር። ልጆቹ ዕውቀት ሰጪ ከሆነ ጽሑፍ ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ በቀን በአማካይ 3.6 ደቂቃ ብቻ ሆኖ አገኘችው።  እዚያ ግን ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቤተ መጻሕፍት አለው፤ የሥዕል ኢንሳይክሎፔዲያ አለው፤ የተማሩ ወላጆች ያሉትም ብዙ ነው። የደጀን ልጅ ያለው ያ ለአራት የሚከፈል መጽሐፍ ነው።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ዘዴ ነው፤ የእኛ ትምህርት የቃል ነው» የሚሉኝም አልጠፉም። ጎጃም ተቀምጦ ይህን ማለት ቀላል ነው። ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ኤልያስን፣ ዋሸራን በመሰሉ የቅኔ ቤቶች ምድር የጆሮና የቃል ትምህርት ክብሩ የታወቀ ነው፤ እኔም አልነካውም። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የብራና መጽሐፍ በእጃችሁ ገልጣችሁ ታውቃላችሁ? ጥቁሩ ቀለም ምንባቡን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ቀዩ ቀለም ደግሞ መግቢያውን፣ የምዕራፉን መነሻ፣ የቅዱሳኑን ስም ለይቶ ያሳያል። አዲስ ክፍል በሚጀምርበት ገጽ ራስ ላይ ሐረግ ይሣላል፤ ሐረጉ ውበት ነው፤ «እዚህ ላይ ቁም፤ ሌላ ነገር ተጀመረ» የሚል ምልክትም ነው። በአንዳንዱ ብራና ጠርዝ ላይ ባለ ቀለም ክር ተሰፍቶ ይገኛል፤ አንባቢው የሚፈልገው ምንባብ ዘንድ ሳይዳክር እንዲደርስ ነው። ዳዊትም 150 መዝሙር ሆኖ ዝም ብሎ አልተነዛም፤ በዐሥር በዐሥር ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል «ንጉሥ» ተብሎ፣ 15 ንጉሥ ሆኖ ተደራጅቷል። የአንድምታ መጻሕፍትን የገለጠ ሰውም «ሐተታ» እና «ታሪክ» የሚሉ ምልክቶች ከትርጓሜው መካከል ቆመው መንገድ ሲያሳዩት አይቷል።

ከዚህም ወደ ኋላ እንሂድ። በዐድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚቆጠሩ ናቸው። በእነዚህ ብራናዎች ከምንባቡ በፊት በዓምድና በቅስት ያጌጡ ሠንጠረዦች ተሥለዋል። አውሳብዮስ ዘቂሣርያ በ4ኛው መቶ ዓመት ያዘጋጃቸው 10 ሠንጠረዦች ናቸው። አንድ ነገር በማቴዎስ በስንተኛው ቁጥር፣ በማርቆስ በስንተኛው፣ በሉቃስ በስንተኛው፣ በዮሐንስ በስንተኛው እንደሚገኝ ጎን ለጎን ያሳያሉ። ረድፉን ትይዛለህ፤ ወደ ጎን ትሄዳለህ፤ ታገኛለህ። ልብ በሉልኝ! ያ የ7ኛ ክፍል ልጅ በእናቱ ፊት ያቃተው ነገር ይኸው ነው። አባቶቻችን ከ1,300 ዓመት በላይ አስቀድመው በወርቃማ ቅስት ሥር ያኖሩትን ጥበብ እኛ «የፈረንጅ» ብለን ሰየምነው።

የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ወደ ማተሚያ ቤት ሲገቡ ቀዩን ቀለም ይዘው ነው የገቡት። ዓለማዊው መጽሐፋችን ነው መንገድ ላይ የጣለው። ከመደርደሪያዬ ላይ የአማርኛ የታሪክ፣ የባህልና የግለ ሕይወት መጻሕፍትን አውርጄ ደጋግሜ አይቻለሁ። ማውጫ አብዛኞቹ አላቸው። በመጨረሻ ገጾች ላይ ስሞችንና ጉዳዮችን በፊደል ተራ ከነገጻቸው የሚዘረዝረው ክፍል ግን ብርቅ ነው። አንዳንዱ «መጠቁም»፣ አንዳንዱ «ጠቋሚ»፣ አንዳንዱ «ኢንዴክስ» ይለዋል፤ ስሙ እንኳ አለመርጋቱ ምን ያህል ባዳ እንደ ሆነ ይናገራል። ከፎቶግራፍ ሥር «ከግራ ወደ ቀኝ» የሚል መግለጫ የሌለው፣ ማን ማን እንደ ሆነ የማይታወቅበት የታሪክ መጽሐፍ ስንት ነው! አሳታሚዎች «ወረቀት ተወደደ» ይሉኛል። መወደዱን አውቃለሁ። ለአራት ገጽ ጠቋሚ ወረቀት ያጣው መጽሐፍ ግን ለዐሥራ ሁለት ገጽ ምስጋናና ለሦስት ሰዎች መቅድም ወረቀት አላጣም።

ልጁ ጠቋሚ ያለው መጽሐፍ ወይም መዝገበ ቃላት ቢያገኝስ? ችግሩ ገና ይጀምራል። የፊደል ገበታውን በዜማ የሚያወርድ ልጅ ጥሩና «ቀ ከነ ይቀድማል ወይስ ይከተላል?» በሉት። ከ«ሀ» ተነሥቶ እስኪደርስበት ድረስ መዘመር አለበት። ፊደልን እንደ መዝሙር ነው ያስተማርነው፤ እንደ መፈለጊያ ተራ አላስተማርነውም። በተለመደው በ«ሀ ለ ሐ መ» ተራ የተሰናዱ መዝገበ ቃላት አሉን፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ ግን በ«አ በ ገ ደ» ተራ ነው የሚሄዱት። ሊቃውንቱ የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ልጁ ግን ሁለት ቤት እንዳለ፣ ለየቤቱም ሌላ መክፈቻ እንደሚያስፈልግ የነገረው የለም። ደግሞ የሞክሼ ፊደላቱ ጣጣ አለ። ፀሐይን በ«ጸ» ሥር ፈልጎ ያጣ ልጅ «መጽሐፉ ስለ ፀሐይ አይናገርም» ብሎ ይዘጋዋል። በ«ፀ» ሥር ደግሞ እንዲያይ፣ ዓለምን በ«አ»ም በ«ዐ»ም ሥር እንዲሻ ማስተማር የማን ሥራ ነው? የአማርኛ መምህር ሥራ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ ዓመታት ስለ ሞክሼ ፊደላት ብዙ ሰዓት አስተምሬአለሁ፤ ሥርዋ ጽሕፈቱን፣ ከግእዝ የወረደበትን፣ ማን ምን ብሎ እንደ ተሟገተ ሁሉ። አንድም ቀን ግን «ስትፈልጉ ሁለቱንም ቦታ እዩ» አላልሁም።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ከሥራ ባልደረቦቼ የመጣው ነው። «አንተ ስለ ጠቋሚ ታወራለህ፤ ልጆቹ ገና ፊደል አልለዩም» ይሉኛል። ማስረጃቸው ብርቱ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህ ቁጥር ሲነሣ ብዙ ሰው አፉን ይዘጋል። እኔ ግን በዚሁ ቁጥር ነው የምከራከረው። ፊደል በጭንቅ የሚለይ ልጅ ሃያ መስመር የሚረዝም አንቀጽ ሲሰጠው ይሰጥማል። ርእስ ግን ሁለት ቃል ነው። ከሥዕል ሥር ያለችው መስመር አምስት ቃል ናት፤ ሥዕሉም አብሮ ይናገራል። «የወባ ትንኝ» የሚለውን ከትንኟ ሥዕል ሥር ያነበበ ልጅ ዛሬ አንድ ነገር አንብቦ አወቀ። ለደካማ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው የገጹ ክፍል ይህ ሆኖ ሳለ ለጎበዝ ተማሪ የሚቆይ ቅንጦት አደረግነው። የጀማሪውን መወጣጫ ቆርጠን ስናበቃ «ለምን አልወጣህም?» እንለዋለን።

እንዳስተማርነው የምንቆጥርበት መንገድ ደግሞ አለ፤ እሱ ከአለማስተማርም ይብሳል። ስለ ማውጫ የሚያወራ ትምህርት ብልጭ ሲል መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ማውጫ ማለት የመጽሐፍን ይዘት ከነገጹ የሚያሳይ ዝርዝር ነው» ብሎ ይጽፋል። ልጆቹ ይገለብጣሉ። ፈተና ላይ «ማውጫ ምንድን ነው?» ተብሎ ይወጣል፤ ሁለት ነጥብ። ልጁ ሁለቱን ነጥብ ያገኛል፤ ማውጫ ግን ገልጦ አያውቅም። የመዶሻን ትርጉም በቃሉ የሚያውቅ፣ ምስማር ግን መትቶ የማያውቅ አናጺ አፈራን ማለት ነው። የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ምንባቦችንስ አይታችኋል? ስለ ቡና፣ ስለ ደን፣ ስለ ጤና የተጻፈው ሁሉ ያለ ንዑስ ርእስ፣ ያለ ሠንጠረዥ፣ ያለ ካርታ፣ እንደ ተረት ወጥ ሆኖ ይቀርብና ከሥሩ «የሚከተሉትን ቃላት ፍቱ» የሚል ይመጣል። የሠንጠረዡን ንባብ ለሂሳብ መምህሩ፣ የካርታውን ለኅብረተሰብ መምህሩ ትተናል፤ እነሱም «ማንበብ የአማርኛ ነው» ብለው ለእኛ ይተዉታል። ልጁ በሁለት ወገብ መካከል ይወድቃል።

ታዲያ እንዴት ይሁን? ከዚያ ወረቀት በኋላ እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ጥበብ ሳይሆን ከከተማይቱ አቀማመጥ የተማርሁት ነው። የደጀን ልጅ በዓለም ላይ ከታላላቆቹ ሥዕላዊ መግለጫዎች አንዱ ደጃፉ ላይ አለለት። የዓባይ ሸለቆ ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ምድር እንደ ዳቦ ተቆርጣ ከነድርብርቧ የምትታይበት ስፍራ ነው። ከላይ ባዛልት የተባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋዩ ይመጣል፤ ይህ አገር ባሕር በነበረበት ዘመን ከባሕር በታች የተጠራቀመ ነው። ከሱ በታች ጅፕሰም ያለበት ክፍል አለ፤ ወደ ሥር ደግሞ የአሸዋ ድንጋዩ። ልጆቹን ከአፋፉ አወጣኋቸውና ያዩትን በደብተራቸው ሣሉ አልኋቸው። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ድርብርብ ስም እንዲሰጡ፣ ከሥዕሉ ሥር አንዲት መስመር ብቻ እንዲጽፉ፣ ለሥዕሉ ርእስ እንዲያወጡ አዘዝሁ። አንዱ ልጅ ረጅም አንቀጽ ጻፈና ጓደኛው «ይህማ ከሥዕሉ ይበልጣል» ብሎ ሳቀበት። እዚያ ላይ ነው የገባቸው። ከሥዕል ሥር የምትጻፍ መስመር ምን ትበል፣ ምን ትተው? ሥዕሉ የሚናገረውን መድገም የለባትም፤ ሥዕሉ የማይናገረውን አንድ ነገር መጨመር አለባት። ገጣሚው ወዳጄ ሆይ፣ ይህ ያንተ ሙያ አይደለምን? ቃል መቆጠብ አይደለምን? የሁለት መስመር ጉባኤ ቃና ሲዘረፍ እንባህ የሚመጣው ሰውዬ፣ የአምስት ቃል መግለጫ ለምን አነሰብህ?

ሣምንት ሳይሞላ ወደ መጽሐፋቸው ተመለስን። ራሳቸው ርእስና መግለጫ ጽፈው ስለ ነበር አሁን የሌላ ሰው ርእስና መግለጫ ዐይናቸው ውስጥ ገባ። «ይቺ መስመር ሥዕሉን ነው የደገመችው» ብለው መጽሐፉን መተቸት ጀመሩ። ለካ ትችት እንዲህም ይጀመራል! አንድ ጥያቄ እሰጣለሁ፤ መልሱን ሳይሆን መልሱ የሚገኝበትን ገጽና እንዴት እንዳገኙት ነው የምጠይቃቸው። ያ 3ኛ የወጣው ልጅ መጀመሪያ ላይ ተናደደብኝ፤ ጮክ ብሎ በሚነበብበት ዓለም ንጉሥ ነበርና። በኋላ ግን ለእናቱ የማዳበሪያውን፣ የክትባት ካርዱን፣ የመብራቱን ደረሰኝ ሁሉ በጣቱ እየሄደ የሚያነብላቸው እሱ ሆነ።

ይህን ጽሑፍ ዛሬ እንድጽፍ ያስገደደኝ ሌላ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት ደጃቸው ተዘግቶ ቆይቷል። ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች ቍጥር በሚሊዮን የሚነገር ሆኗል። መምህር በማይደርስበት ቤት ውስጥ አንዲት የተረፈች መጽሐፍ ያለችው ልጅ አለች እንበል። «ገጽ ይህን ያህል አውጡ» የሚላት የለም። ምዕራፉ ስለ ምን እንደ ሆነ የሚነግራት ርእሱ ነው፤ የከበዳትን ቃል የሚፈታላት ከኋላ ያለው መፍቻ ነው፤ የቀረውን የሚያመላክታት ማውጫው ነው። እነዚህን ማንበብ ካስተማርናት ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም በከፊል ቤቷ ገብቷል። ካላስተማርናት መጽሐፏ ትራስ ትሆናለች። የቀለም ሰዎች ነን የምንል ሁሉ ልጆቹ ስንት ልብ ወለድ እንዳላነበቡ እየቆጠርን ስናለቅስ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣነውም።

ያቺን ከኋላ የተቀመጠችውን ልጅ አልረሳኋትም። የዚያ ዓመት ትምህርት ሊያልቅ ሲል መጽሐፉን አቅፋ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። «ጋሼ» አለችኝ፣ «ማውጫው ወባን ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። እኔ ግን ሌላም ቦታ አግኝቻለሁ፤ ስለ ውኃ በሚያወራው ምዕራፍ ውስጥ ከሥዕሉ ሥር አለ። ማውጫው ለምን ሳይጽፈው ቀረ?»